ከቆጠራው በፊት የነቀስነው ሙጀሌ

ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ከተማ ዳር፣ ከኢትዮጵያ የመጣን የሰሊጥ ሠራተኞች በምንኖርበት ሰፈር፣ ሙጀሌ ያልገባበት እግር ማግኘት ይቸግር ነበር። የቤታችን ወለል አፈር ነው። ቁንጫዋ ከአፈሩ ተነሥታ ጣት ውስጥ ትቀበራለች፣ አተር አክላ ታብጣለች፣ እንቁላሏን መልሳ አፈሩ ላይ ትጥላለች። አባቴ እግሩ ቆስሎ አጨዳ ካቆመ ወር አልፎት ነበር።

አንዲት ሱዳናዊት ሐኪም ሰፈራችንን ልታጠና መጣች። ዱክቶራ እንላታለን። ሥራዋ ማከም ሳይሆን ሙጀሌው እንዴት እንደሚዛመት ማስላት ነው። አማርኛ ስለማትችል፣ እኔም አረብኛ ስለምሰማ፣ በየቤቱ እየዞርኩ ሙጀሌውን እንድቆጥርላት ያዘችኝ። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ። ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል፤ ለመቁጠር ግን ብዙ መናገር አያስፈልግም።

ቁጥሩ በየሳምንቱ ቀነሰ። ለምን እንደቀነሰ አውቅ ነበር። እኛ ዘንድ ሙጀሌ የቆሻሻ ቤት ምልክት ነው፤ እንግዳ ሊመጣ ሲል ተነቅሶ ይጠበቃል። የቆጠራው ቀን ጠዋት ሴቶቹ ደጅ ተቀምጠው አንድ መርፌ እየተዋዋሱ ይነቅሳሉ።

«ነይ ቁጠሪ እንግዲህ» ትለኛለች ጎረቤታችን እግሯን ዘርግታ፣ «የሙሽራ እግር አይመስልም?»

እስቅና ዜሮ እጽፋለሁ። የአባቴንም የነቀስኩት እኔው ነኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ዱክቶራ ከሣር በተሠራው ዳስ፣ ራኩባው ጥላ ሥር ወረቀቷን ዘረጋችልኝ። ሦስት ሣጥኖች ሥላለች፦ ጤነኛ፣ የተያዘ፣ የዳነ። ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስት ይሄዳል። ከሥራቸው የየሳምንቱን ቁጥር እየተከተለ ወደ ታች የሚወርድ መስመር አለ።

«በዚህ ከቀጠለ ያለ መድኃኒት ራሱ ይጠፋል» አለች። «ለዚህ ሰፈር የታሰበውን የእግሩንም የወለሉንም መድኃኒት ወደ ሌላ ሰፈር እንዲወስዱት ዛሬ ለጤና ቢሮ እጽፋለሁ።»

መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃታል። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ልትከት ስትል ጫፉን ያዝኩት።

«ዱክቶራ፣ ቁጥሩ ልክ አይደለም።»

«ዋሽተሽ ነው የጻፍሽው?»

«ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ግን ጠዋት ነቅሰን ነው የምንጠብቅዎት።»

«ስንት ቤት?»

«ሁሉም። እኛም ቤት።»

«የነቀሳችሁትን የት ትጥሉታላችሁ?»

«እዚያው ወለሉ ላይ።»

መስመሩን በጣቷ ተከትላ ወረደች፤ ታች ስትደርስ ጣቷ ቆመ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልሽ?»

«አፍሬ ነው።»

«አሳዪኝ» ብላ ተነሣች።

ቤታችን ስንገባ አባቴ እግሩን ጀለቢያው ሥር ሰበሰበ። «የሰው አገር ሰው ይዘሽ መጣሽ? ገመናዬን ልትቆጥሪ?»

«አባ፣ ካላየችው መድኃኒቱ ዛሬ ይሄዳል። ለሁላችንም።»

ውጭ ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እግሩን ቀስ ብሎ አወጣ። መርፌ የቆፈራቸው ጉድጓዶች አንዳንዶቹ መግል ይዘዋል። በጣቴ እያመለከትኩ አንድ በአንድ በአረብኛ ቆጠርኩ፤ ድምፄ ቤቱን ሞላው። ዱክቶራ ቁጢጥ ብላ ጻፈች።

«ዛሬ አልጽፍላቸውም» አለችኝ ስትጨርስ። «ከእንግዲህ የተነቀሰበት ጉድጓድም ይቆጠር። ግን ሁሉም ቤት ካላሳየኝ አይሆንም።»

ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆማ ታየናለች፤ አሁን አልሳቀችም። እሷም እንድታሳይ ልለምናት፣ የምለውን ሳላዘጋጅ ወደ እሷ ሄድኩ።