በጋሼ ወልዴ ጓዳ የነበረው የብረት ሰው

የጋለ ፕላስቲክ በሸተተኝ ቁጥር ያለሁበትን ረስቼ መቱ፣ ከጋሼ ወልዴ ሱቅ ጓዳ መስኮት ሥር፣ ጭቃ ላይ ቆሜ ራሴን አገኘዋለሁ። ሽታው ረጅም ሰዓት የሠራ የቪዲዮ ዴክ ሽታ ነው። በደርግ ዘመን ማብቂያ በሰፈራችን ዴክ የነበራቸው ጋሼ ወልዴ ብቻ ነበሩ፤ ያመጣላቸውም አሰብ ላይ መርከበኛ የነበረው የሚስታቸው ወንድም ነበር። አብረው ከጃፓን የመጡ ካሴቶች ነበሩ፤ በካሴቶቹ ውስጥ ደግሞ ደብር የሚያህል የብረት ሰው ነበር፣ ደረቱ ተከፍቶ አንድ ልጅ እየገባ የሚነዳው።

ይህን ሁሉ የማውቀው በወሬ ነበር። በዚያ ክረምት የሱቁ ጣሪያ ውሃ ወደ ግቢያችን ወርዶ የእናቴን የጎመን መደብ ጠርጎ ስለወሰደው፣ እናቴና የጋሼ ወልዴ ሚስት እትዬ ዘነበች ተኳርፈው ነበር። «የዚያን ቤት ደጃፍ የረገጠች ልጅ የእኔ ልጅ አይደለችም» አለች እናቴ። ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ግን ከትምህርት ቤት መልስ ሱቁ ውስጥ ይሠራ ስለነበር ክልከላው እሱን አልነካውም፤ ያየውንም በረንዳ ላይ ተቀምጠን በቆሎ እየፈለፈልን ይተርክልኝ ነበር።

ፊልሙ በጃፓንኛ ስለነበር የሚገባው ሰው አልነበረም። የጋሼ ወልዴ ልጅ ብርቄ ግን ቋንቋውን እንደሚያውቅ ሰው እየተነሳች ትተረጉም ነበር። ልጁ አፉን በከፈተ ቁጥር «ወደፊት! አንድም ሰው እንዳያፈገፍግ!» ስትል፣ ደረጀ ደግሞ «ኧረ አልዋጋም ነው የሚለው፣ ፊቱን አታዪም?» እያለ ይከራከራት፣ በመጨረሻም ሁለቱም በሳቅ ይፈርሱ ነበር። እኔ ከመስኮቱ ሥር ሆኜ ያንን ሳቅ እሰማ ነበር። ፊልሙን አለማየቴስ ይሁን፤ ያቃጠለኝ ሳቁ ነበር። ከዚያ በፊት ደረጀን እንደዚያ የማስቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

መስከረም ሲጠባ ደረጀ ከወተት ቆርቆሮ የብረቱን ሰው ሠራ፤ ክንዱ የሚታጠፍ፣ ደረቱ የሚከፈት። ጠርዙ እጁን ሲቆርጠው ጨርቅ ያሰርኩለት፣ ምስማሩን ያቀበልኩት እኔ ነበርኩና ለእኔ የሚሰጠኝ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ የሱቁ መደርደሪያ ላይ ቆሞ አየሁት። ለብርቄ ሰጥቷታል። ያን ቀን ራሴን አሞኛል ብዬ ምሳ ሳልበላ ዋልኩ።

ቡና ለቀማ በተጀመረ ሰሞን፣ በገበያ ቀን፣ አፈሳ መጣ። ታጣቂዎች ገበያውን ከብበው ወጣቶቹን እያንጠለጠሉ ለጦር ግንባር መኪና ላይ ጫኗቸው፤ ለሱቁ ስኳር ሊያመጣ የወጣው ደረጀም አብሮ ተጫነ። እናቴ ግቢ መሀል ወደቀች። ቀድማ የደረሰችው እትዬ ዘነበች ነበረች፣ በባዶ እግሯ፣ አጥሩን ጥሳ፤ የክረምቱ ኩርፊያም እዚያው ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ቀረ። ብርቄም የቆርቆሮውን ሰው ደረቷ ላይ ለጥፋ ከእኔ ጮክ ብላ ታለቅስ ነበር። እኔ በእንባዬ መሀል፣ «ምኗ ነውና ነው? ወንድሜ እኮ ነው!» እያልኩ እበግን ነበር።

ከዚያ ወዲያ እዚያ ቤት እንዳልገባ የሚከለክለኝ ጠፋ። በጋውን በሙሉ ከብርቄ ጋር ካሴቶቹን እየደጋገምን አየን። የብረቱ ሰው ከጠበቅሁት በላይ ግሩም ነበር፤ ሲራመድ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሲወድቅ ተራራ ይናዳል። ውስጡ ያለው ልጅ ግን ደረጀን ነበር የሚያህለው፤ ላብ አጥምቆት፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

«ወደፊት አይደለም የሚለው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች ብርቄ ቀስ ብላ። «ደረጀን ለማናደድ ነበር እኮ።»

ለሁለቱ ብቻ የሆነ ጨዋታ እንደነበራቸው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ይሄም ለብቻው አቃጠለኝ።

መንግሥት ወድቆ፣ ክረምቱ ጠንቶ ሳለ፣ ብርቄ ከሱቁ ደጃፍ «ደረጀ ዱፌ! መጣ! መጣ!» ብላ በኦሮምኛም በአማርኛም ስትጮህ ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ ወንድሜ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጦ እሷ የሰጠችውን ውሃ ይጠጣ ነበር። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ ሳለቅስ እንኳ ቀድማ ያየችው እሷ መሆኗ ከልቤ አልወጣም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ጋሼ ወልዴ ያጫወቱት መስሏቸው ካሴቱን ከፈቱለት። የመጀመሪያው መድፍ ሲያጓራ ደረጀ ብድግ ብሎ ወጣ። እኔና ብርቄ እኩል ተነሳን፤ በሩ ላይ ስንደርስ ግን ብርቄ ቆመች። ትከሻዬን ይዛ ወደ ውጭ ገፋ አደረገችኝና «አንቺ ሂጂ፣ እህቱ ነሽ» አለችኝ።

ከሱቁ ኋላ የእንጨት ክምር ላይ አገኘሁት።

«የልጁ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ አይተሻል?» አለኝ። «ድሮ አላስተዋልኩትም ነበር።»

እጁን ያዝኩት። ዝናቡ እስኪያባራ አልለቀቅሁትም።

እሱና ብርቄ ተጋብተው ዛሬ እዚያው መቱ አካባቢ፣ ኖፓ ይኖራሉ፤ ወልደው ከብደዋል። ያ ፊልምም አላለቀም፤ እስካሁን አዲስ ክፍል ይወጣለታል። ብረቱ በየዘመኑ መልኩን ይቀይራል፣ ጦርነቱ ከምድር ወደ ሰማይ ይወጣል፣ ደረቱ ውስጥ የሚገባው ግን ዛሬም ልጅ ነው። ሁሉንም አይቻለሁ። አዲሶቹ ማብረቅረቅ ያበዛሉ፤ እንደ ፊተኛው ሲመታ የሚጎደጉድ፣ ሲደክመው የሚያነክስ የለም። ያኔ አንዱን ካሴት ለማየት የሰፈር ልጅ ተገፋፍቶ ይሰበሰብ ነበር፤ አሁን ትንሹ ልጄ በእጅ ስልኩ፣ ሶፋ ላይ ተንጋሎ፣ ብቻውን ያየዋል። አጠገቡ ስቀመጥ ዓይኔን አይቶ፣ «እማዬ፣ ካርቱን እኮ ነው፣ ምን ያስለቅስሻል?» ይለኛል። አፈሳ የሚለውን ቃል ሰምቶት አያውቅም። እኔም ኩርፍ ብዬ በገዛ ልጄ እቀናለሁ፤ በልጅነቴ ከቀናሁባቸው ሁሉ ግን ይሄን አለማወቁን ብቻ ማንም እንዳይቀማው እፈልጋለሁ።