ከአቦምሳው ጉብታ የወጣው ወርቅ

ሙሉብርሃን ከልጅነቷ ጀምሮ ድንጋይ ስትለቅም ያደገች የአዳማ ልጅ ናት። ግቢው ሰው እስኪደናቀፍ በጠጠሯ ስለተሞላ እናቷ፣ «ይቺ ልጅ ድንጋይ ልታገባ ነው» ይሉ ነበር። አላገባችም፤ ጂኦሎጂስት ሆነች። ለእናቷ ልዩነቱ እምብዛም አልታያቸውም።

ኩባንያዋ አቦምሳ አጠገብ ወዳለ ጉብታ ላካት። ጉብታውን ኳርትዝ የሚባል ነጭ ድንጋይ እንደ ጅማት ሰንጥቆት ያልፋል። ሥራዋ ከጅማቱ እየፈለጠች ናሙና በከረጢት መሙላት ነበር። አንድ ጥብቅ ሕግ አወጣች፦ ወርቅ ያደረገ ሰው ናሙና አይነካም፤ የቀለበት ብናኝ እንኳ ውጤቱን ያበላሻል።

አለቃዋ ጋሼ ኪዳነወልድ በሁዳዴ ማብቂያ ሊጎበኙ መጡ። ሕጉን ብትነግራቸው፣ «እኔን ነው?» ብለው መዶሻውን ተቀበሏት። ጾሙ አመንምኗቸው ሱሪያቸው ወገባቸው ላይ አልቆም ብሏል። ቢሆንም፣ «እንዲህ ነው የሚመታው!» እያሉ ላብ በላብ እስኪሆኑ ፈለጡ፤ ከረጢቱንም በገዛ እጃቸው ሞልተው አሰሩ።

ከፋሲካ በኋላ ውጤቱ መጣ። ሌላው ናሙና ሁሉ እርሳስና ዚንክ ነው። የእሳቸው ግን ወርቅ በወርቅ!

«እንዲህ ነው የሚመታው አላልኩሽም?» አሉ ጋሼ ኪዳነወልድ። ወዲያው ሰንጋ ተገዛ፤ አገር ምድሩ ተጠራ።

«ጋሼ፣ ከእርስዎ ናሙና ግራና ቀኝ የወሰድኩት እኮ ምንም የለበትም።»

«ወርቅ ዓይን አፋር ነው፤ ለሁሉም አይገለጥም።»

ሙሉብርሃን ግን አንድ ነገር አየች፤ ሰውየው ግራ እጃቸውን ከኪሳቸው አያወጡም። በማግሥቱ አዲስ አበባ ላቦራቶሪው ድረስ ሄዳ የናሙናውን ትራፊ ጠየቀች። ሑስና የምትባል ሠራተኛ በወንፊት ላይ የቀረ የወርቅ ቁራጭ አመጣችላት። የድንጋይ መፍጫው ጠፍጥፎታል፤ ሆኖም ላዩ ላይ «ማርቲ» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። ማርቲ የአለቃዋ ባለቤት ስም ነው።

አዳማ ተመልሳ ቁራጩን ጠረጴዛቸው ላይ አኖረችው። ጋሼ ኪዳነወልድ ትክ ብለው አዩት።

«ቀለበቱ ጠቦኝ ወርቅ ቤት ሰጥቼዋለሁ ብያት ነበር» አሉ በቀጭን ድምፅ። «አሁን ምን ልበላት?»

«ሰፍቷል ይበሏት።»

ሳቅ አመለጣቸው፤ ሳቁ ሲያበቃ ሰንጋው ትዝ አላቸው። ታርዷል፤ እንግዳውም ጉብታው ሥር ተቀምጧል። ሄደው በሕዝብ ፊት ቆሙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወገኖቼ፣ ወርቅ አላገኘንም። ያገኘነው እርሳስና ዚንክ ነው።»

የመሬቱ ባለቤት ሽማግሌው ኦቦ ሰንበታ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እርሳስ ይበላል?»

«አይበላም፣ ኦቦ።»

«ወርቅስ?»

«እሱም አይበላም።»

«እንግዲያ ምን ጎደለብን? ሥጋው ይምጣ እንጂ!»

ሙሉብርሃን ጥሬ ሥጋዋን በሚጥሚጣ እያጠቀሰች ቀና ብላ ጅማቱን አየች። የጋሼ ኪዳነወልድን ናሙና ነገ እንደገና ትፈልጠዋለች፤ ለብቻዋ።