ኢዲዮፓቲክ የሚለው ቃል

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ ነው። ቀበሌያችን ውስጥ የጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት የልጆች ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ ተቀመጥኩ። ጎረቤቶቼ "የመቃብርህን ድንጋይ ራስህ ልትጽፈው ነው?" እያሉ ሳቁብኝ። ያኔ ማንበብ የሚችል ሰው ፍርሃቱ የሚቀንስለት ይመስለኝ ነበር። ውሸት ነው። የማያነብ ሰው ወረቀት ሲሰጡት አጥፎ ኪሱ ይከተዋል፤ ይተኛል። እኔ ግን ሰቆጣ ላይ ሐኪሙ ልጄን መርምሮ የሰጠኝን ወረቀት ሳምንት ሙሉ እያወጣሁ አፈጠጥኩበት።

አማርኛውን አነበብኩ። ስሟ አለ፣ የቀበሌያችን ስም አለ፣ ዕድሜዋ አሥራ አራት ይላል። ከሥሩ አንድ ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል አለ። እሱን ማንበብ አልችልም። ጥፋቴ እዚያ ውስጥ የተጻፈ መሰለኝ።

ጥፋቴ ይሄ ነው። ልጄ ስድስት ዓመቷ ሳለ፣ ከአውድማ ጭድ ጭነን ስንመለስ፣ አህያው ላይ ከጭነቱ በላይ አስቀመጥኳት። እዚያው የቀረችው እናቷ ስንነሳ "ተው፣ ጭነቱ ልል ነው" ብላኝ ነበር። ሴት ስለ ጭነት ምን ታውቃለች ብዬ ነዳሁት። ቁልቁለቱ ላይ ጭነቱ ዞረ። ልጄ በጭንቅላቷ ድንጋይ ላይ ወደቀች፤ ዓይኗ ተገለበጠ። ሞተች ብዬ ተሸክሜ ወንዝ ወረድኩ። ውሃ ረጨኋት፣ ነቃች። ደሙን አጠብኩ፣ ፀጉሯን ቁስሉ ላይ መለስኩበት። ከዚያ "ለእናትሽ እንዳትነግሪ" አልኳት። አልነገረችም። ስምንት ዓመት።

ባለፈው በጋ ቦኖ ውሃ ስትቀዳ የሚጥል በሽታ ጣላት። በወሩ ደግሞ እሳት ዳር ጣላት፤ እናቷ ባትደርስ ኖሮ እጅጌዋ ብቻ አልነበረም የሚቃጠለው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ እሳት በተጫረ ቁጥር ልጄ የት እንዳለች ዞሬ አያለሁ። ሚስቴ ምክንያቱን አግኝታለች፤ ዓይን ነው ትላለች። ጎረቤታችን የሆነች አንዲት ባልቴት ልጅቷን "እንዴት አምራለች" ካለች ወዲህ ነው አለች። እርሾ መበዳደር ቀረ፣ ሰላምታ ቀረ። ባልቴቷ በደጃችን ስታልፍ አንገቷን ትደፋለች። እኔ ተቀምጬ አያለሁ።

ሐኪሙ ጠይቆን ነበር። ወጣት ነው፣ ትሑት። "ከዚህ በፊት ወድቃ ታውቃለች? ጭንቅላቷን ተመትታ?" ልጄ ወደ እኔ ዞረች። ሚስቴ ከጎኔ ናት።

"የለም" አልኩ።

ጻፈ።

በሳምንቱ ቃሉን ቅዳጅ ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል ገለበጥኩት፤ ዋናውን ማሳየት ፈርቼ ነው። ሀ ሁ ያስቆጠረኝ ወጣት መምህር ዘንድ ሄድኩ፤ ቀን ቀን ለልጆች እንግሊዝኛ ያስተምራል።

"ጋሼ፣ አማርኛውን ጨረሱትና ተሻገሩ?" አለኝ።

"ቀልዱን ተወውና አንብብልኝ።"

"ኢ... ዲዮ... ፓቲክ።" ግንባሩን ቋጠረ፣ ስልኩን አወጣ። "የሕክምና ቃል ነው። ከግሪክ የመጣ ነው ይላል።"

"ከፈለገበት ይምጣ። ምን ማለት ነው?"

"ምክንያቱ ያልታወቀ ማለት ነው። የበሽታው መነሻ ተፈልጎ ሲታጣ እንዲህ ብለው ይጽፋሉ።"

"አናውቅም ለማለት?"

"አናውቅም ለማለት።"

"ታዲያ አናውቅም ብለው አይጽፉም?"

ሳቀ። "ጋሼ፣ ሐኪም አናውቅም ካለ ማን ካርድ ያወጣል?"

አልሳቅኩም። "ዝም ብለው ነው የሚጽፉት?"

"ኧረ አይደለም፣ ጠይቀው ነው።" ስልኩን በጣቱ ወደ ላይ ገፋ። "ወደቀች ወይ፣ ተመታች ወይ፣ ስትወለድ ታፍና ነበር ወይ ይላሉ። ሁሉም የለም፣ የለም ሲባል የሚቀረው ይሄ ቃል ነው። ማን ታሞ ነው?"

"ማንም" ብዬ ወጣሁ።

ሳምንት ሙሉ የከሰሰኝ መስሎኝ የፈራሁት ቃል ለካ ሲሸፍነኝ ነበር። ሐኪሙ አይደለም የጻፈው፤ እኔ ነኝ። "የለም" ያልኩትን ወደ ግሪክ መለሰልኝ እንጂ ከራሱ ምንም አልጨመረም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ባለቤት ያጣ በሽታ ባለቤት ይፈለግለታል፤ የእኛ ቤት ደግሞ ያቺን ባልቴት አግኝቷል።

ቤት ስገባ ሚስቴ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ባልቴቷን በሰው ፊት "ልጄን ልቀቂልኝ" እንደምትላት ነገረችኝ። ልጄ ከእሳቱ ርቃ ግድግዳውን ተደግፋለች።

"አባዬ፣ ወረቀቱ ምን ይላል?" አለችኝ።

"ምክንያቱ አይታወቅም ይላል።"

"ምኑ ነው የማይታወቀው?"

በማግስቱ ሁለቱንም ይዤ ሰቆጣ ወረድኩ። ለሚስቴ ለምን እንደምንሄድ አልነገርኳትም፤ መንገድ ላይ ብነግራት ትመልሰኛለች ብዬ ሳይሆን፣ እኔው እመለሳለሁ ብዬ ነው።

"ዶክተር፣ ያን ጊዜ ዋሽቼሃለሁ" አልኩት፤ አህያውን፣ ቁልቁለቱን፣ ድንጋዩን ነገርኩት። ሚስቴን ማየት አልቻልኩም።

"ራሷን ስታ ነበር?"

"ጥቂት።"

"አስመለሳት?"

ረስቼዋለሁ። ልጄ ቀደመችኝ። "ሁለት ጊዜ" አለች። "ልብሴንም ወንዝ ውስጥ አጠበልኝ። እናቴ እንዳታይ።"

ሐኪሙ ካርዱን ስቦ ያንን ቃል በአንድ መስመር ሰረዘው። ጭንቅላቷ ውስጥ የቆየ ጠባሳ ሊኖር ይችላል፣ በማሽን መታየት አለበት፣ ወደ ወልድያ ሆስፒታል እጽፍላችኋለሁ አለ። ያን ጊዜ ያዘዘላትን ኪኒን አንድ ቀን እንኳ እንዳታቋርጥ አስጠነቀቀ።

"ቀድሜ ብናገር ትድን ነበር?" አልኩት።

"አላውቅም፣ አባት" አለኝ። በአማርኛ።

ውጭ ስንወጣ ሚስቴ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና "ስምንት ዓመት" አለች። ማታውኑ ባልቴቷ ደጅ ሄዳ ስትቆም ከሩቅ አየኋት። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። እሁድ ማንም ማንንም በሰው ፊት አልጠራም።

ወልድያ የሄድነው በሳምንቱ ነው። ባሱ ውስጥ ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላቸው። መንገዱ ሲያናጋን ሚስቴ የልጄን ራስ በሁለት እጇ ደግፋ ይዛለች። ቁልቁለቱ ላይ ባሱ ወደ ገደሉ ሲያዘነብል እኔም ልይዛት እጄን ዘረጋሁ። ሚስቴ ዞር ብላ አየችው። መልሼ ኪሴ ከተትኩት፤ ወረቀቱ እዚያ ነበር።