ለፍቼ የቆየው እንሰት

የዚያን ማለዳ ሳስታውስ ቀድሞ የሚመጣልኝ አረንጓዴው ብርሃን ነው። ሀዋሳ አጠገብ፣ ቱላ ውስጥ፣ በእንሰቶቹ መሃል ስንቆም ፀሐይዋ የምትደርሰን በሰፋፊዎቹ ቅጠሎች ውስጥ አልፋ ነበር፤ ሁላችንም ሐይቅ ውስጥ የቆምን ይመስል ነበር።

ሀዋሳ የሄድኩት ለዘገባ ነው። በትምህርት እረፍት ወቅት ታዳጊዎች ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በእጃቸው እየሠሩ የሚማሩበት ካምፕ በዩኒቨርሲቲው ተከፍቶ ነበር። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የታመመና ጤነኛ እንሰት እንዲለይ ስልኳን አስተምራዋለች። የሁለቱንም ቅጠል ፎቶ ደጋግማ ታሳየዋለች፤ ልዩነቱን ራሱ ይፈልጋል። ክፍል ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች አንድም ሳይስት ለየ። ማስታወሻዬ ላይ «እንሰት የሚያውቅ ስልክ» የሚል ርዕስ ጻፍኩ። በማግስቱ፣ በካምፑ መዝጊያ ቀን ማለዳ፣ ቱላ፣ እናቷ ዘንድ ወሰደችኝ።

እናቷ አንድ ትልቅ እንሰት ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፍቼ በዓል አቆይተዋል። አጥሩ ጥግ ያለውን ሌላ እንሰት ግን አጠውልግ ይዞታል፤ ይህ በሽታ የያዘው ካልተነቀለ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። ልጅቷ ስልኳን ወደ ትልቁ አዞረች።

«በሽተኛ» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

እናቷ መቆፈሪያቸውን አነሱ። «መቼስ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ስልክ ነው። ይነቀል፣ ሌላው ይትረፍ።»

«እማ፣ ቆይ!» አጠገቡ ያለውን አሳየችው፤ በሽተኛ። ቀጣዩም በሽተኛ።

እናቷ ቅጠሉ ያራሰውን መዳፋቸውን ዘረጉለት። «እኔንስ?»

በሽተኛ።

«ይኸው! እኔም ልነቀል ነዋ!» ብለው ሳቁ፤ መቆፈሪያውን ግን አልለቀቁም።

ልጅቷ አልሳቀችም። «ጋሼ፣ የታመሙትን ፎቶ ያነሳሁት ጠዋት ነው፤ እማ ጠዋት ጠዋት ስታሳየኝ። ጤነኞቹን ደግሞ ከካምፕ ስመለስ፣ ከሰዓት» አለችኝ። በሹራቧ እጅጌ የትልቁን ቅጠል ጤዛ ቀስ ብላ ጠረገች፤ ጠብታዎቹ እያበሩ ወረዱ። ስልኩ «ጤነኛ» አለ። አላመነችውም። ወደ አጥሩ ጥግ ሄዳ የታመመውን፣ ቢጫውን ቅጠል ጠረገች። እሱንም «ጤነኛ» አለው።

ስልኩ ያወቀው ጤዛውን ነበር።

እናቷ ቢላዋቸውን በሽታ እንዳያጋባ እሳት ላይ አሳልፈው የትልቁን የአንድ ቅጠል እግር ቆረጡና ጨመቁ። በሽታው ቢኖር ቢጫ ፈሳሽ ይወጣ ነበር። ንጹህ ነው።

«ይህን ለምን አስቀድመው አላደረጉም?» አልኳቸው።

«‹ካንቺ ቀድሞ ያውቃል› አለችኛ!»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

ከሰዓት በመዝጊያው ላይ ተራዋ ሲደርስ ሁለት ፎቶ አሳየች፤ አንድ ቅጠል፣ ጤዛው ሳይጠረግና ከተጠረገ በኋላ። «ስልኬ ጤዛ ያውቃል። እንሰት ገና ነው» አለች። ሰው ሳቀ። እኔ የትናንቱን ርዕሴን ሰረዝኩ። ቀና ስል በሩ ላይ ነበረች፤ ባጃጅ ልትይዝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የታመመውን እንሰት ጤዛ የሌለበት ቅጠል ፎቶ ማንሳት አለባት። እስክትመጣ እንዳይነቅሉት እናቷን አስምላቸዋለች።