መጀመሪያ የሚናገር ሰው

ከቢሮ ነው የወሰዱኝ። «ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ» አሉኝ፤ ጃኬቴን ወንበሩ ላይ ትቼ ወጣሁ። ሶዶ ውስጥ ያን ሰሞን ስለ ክልል ጥያቄ አፉን የከፈተ ሁሉ ለአምስት ደቂቃ ይፈለግ ነበር። ክፍሉን ሲከፍቱልኝ መጀመሪያ የመታኝ ሽታው ነው። ጥግ ላይ የሽንት ባልዲ፣ ከዚያ እስከ በሩ ድረስ ሰው በሰው ላይ።

የክፍሉ አለቃ፣ ካቦ የምንለው፣ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። አየር በሚገባበት በሩ ሥር እሱ ይተኛል። አዲስ ገቢ ባልዲው ጋ ይጀምራል፤ ደንቡ ነው። ከእኔ በኋላ ከቦምቤ የመጡ ጡረተኛ መምህር ገቡ፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ አስም አለባቸው። ባልዲው ጋ አስተኟቸው። ደረታቸው ሲያፏጭ ሁላችንም እንሰማለን። አላስችል ቢለኝ ካቦውን ለመንኩት።

«ደንብ ደንብ ነው» አለኝ። «ቦታዬን የፈለገ በካርታ ይውሰድ።»

ካርታው ከመድኃኒት ካርቶን የተቆረጠ ነው። ፖከር ያስተማረንም እሱ ነው። ብራችን በር ላይ ስለተወሰደ በቦሎቄ ፍሬ እንወራረዳለን። በየእጃችን ሁለት ካርታ፣ መሀል ላይ ለሁሉም የሚገለጡ አምስት። አምስተኛው ሲገለጥ የመጨረሻው ውርርድ ይመጣል፣ መከራውም እዚያ ነው፤ አንዱ ሳያውቅ ይናገራል፣ ሌላው ሰምቶ ይመልሳል።

ከሰዓት በኋላ ገጠምን። ካርታውን ያደለው እሱ ስለነበር መጀመሪያ ተናጋሪው እኔ ሆንኩ። በእጄ ሁለት ሰባት ይዣለሁ፤ መሀል ላይ ደግሞ ሦስተኛው ሰባትና ሁለት ንግሥት ተገልጠዋል። በፖከር ይህን የሚያሸንፍ እጅ ጥቂት ነው። ብርድ ልብሴን አስይዣለሁ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያስ? ካርታውን ጥሎ ይሸሻል፣ እኔ እፍኝ ቦሎቄ ታቅፌ እቀራለሁ፣ ሰውየው ባልዲው ጋ ያድራሉ። ቦታውን ራሱ ማስያዝ አለበት። እሱ ደግሞ ዝም ያለ ሰው ሁሉ የፈራ ይመስለዋል።

«አለፍኩ» አልኩ፤ ሳልወራረድ ተራውን ለእሱ ሰጠሁት።

አየኝና አገጩን አከከ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አንተ ግን ልቀቅ!» ብሎ ሳቀ። «ቦታዬን አስይዣለሁ። ብርድ ልብስህን አምጣ፣ ወይ ተነስ።»

«አምጥቻለሁ።»

ካርታውን ገለጠ፤ አንድ አስ ብቻ ነው የያዘው። እኔ ሰባቶቼን ዘረጋሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይነሱ። በሩ ሥር ቦታ አግኝቻለሁ።»

«ጋላታይስ፣ ልጄ፣ አመሰግናለሁ» አሉ። «ግን የጌታዬን ልብስም በዕጣ ነው የተካፈሉት። በቁማር ቦታ አልተኛም።»

ኡፍ! እንዴት እንደተናደድኩ! እኔም እዚያው እምነት ውስጥ ነው ያደግኩት፣ መልሳቸውን ማወቅ ነበረብኝ። «እየታፈኑ እኮ ነው!» አልኩ።

«ታፍኜም ቢሆን» አሉ፤ ትንፋሽ እያጠራቸው።

ወደ ካቦው ተመለስኩ። ሁሉም እየሰማ «ቦታህ ያንተው ነው፤ ትቼዋለሁ» አልኩት። አልለመንኩትም። ብርድ ልብሴን ጠቅልዬ ከሽማግሌው ጎን አነጠፍኩና ጀርባዬን ሰጠሁት። ቆርጫለሁ፤ እሳቸው እዚያ ካደሩ እኔም እዚያው።

ቆይቶ ካቦው ፍራሹን ሲጎትት ሰማሁ።

«ጋሼ» አለ፣ «ይሄ ቁማር አይደለም። ከእኔ ነው። ይነሱ በቃ።»

ተነሱ። እሱ በሳቸው ቦታ፣ ባልዲው ጋ፣ አጠገቤ ተኛ።

ከተፈታን በኋላ ካቦው ወደ ሚኒባሱ ተመልሷል፤ አሁን በበዴሳ መስመር ይነዳል። በቀደም ለሥራ ስሄድ ጋቢና አስቀመጠኝ። ስለ ሽማግሌው ጤንነት አወራን፤ ደህና ናቸው። ከከተማው ስንወጣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ። «ያን ቀን ቦታዬን ስትመልስልኝ ሌላ ምን አስበህ ነበር?»

«ምንም» አልኩት። እውነቴን ነው፤ እሱ ባይነሳ ኖሮ ሌላ መላ አልነበረኝም።

«አውቄ ነበር እኮ» አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

ይህን ሁሉ ጊዜ ቦታውን መልሼ በብልጠት ያሸነፍኩት መስሎኝ ነበር። ለካ ሌላ መላ እንደሌለኝ እያወቀ ሰጥቶን ኖሯል።