የአዲሱ መላጊያ ጠባሳ

በደርግ ዘመን፣ ሸዋ ሮቢት ውስጥ የአናጢዎች ማኅበር አባል ነበርኩ። አባቴም አናጢ ስለነበር ያደግሁት ሰጋቱራ ላይ እየተንከባለልኩ ነው። የእኔ ሥራ ግን መጋዝም መዶሻም አልነበረም። ወንዶቹ አልጋውን ወይም ቁም ሳጥኑን ገጥመው ካቆሙ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ ስንጥቁን በስቱኮ ደፍኜ፣ ቀለም ወይም ቫርኒሽ የምቀባው እኔ ነበርኩ። ከማኅበሩ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩና አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ከጎናችን ያለው ምግብ ቤት ሠራተኛ እየመሰልኩት ሻይ አምጪ ይለኝ ነበር። እኔም አልቀየምም፤ ሻዩን አምጥቼለት ወደ ብሩሼ እመለሳለሁ።

ያን ጊዜ ጣውላ የምንልገው በእጅ ነው። የቆላውን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ገና በረፋዱ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ይግላል። ወንዶቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው ዋንዛውን ሲልጉ ላባቸው ጣውላው ላይ ይንጠባጠባል፤ የላብ ጠብታ ያረፈበት እንጨት ደግሞ ቫርኒሽ በደንብ አይዝልኝም። በዚህ የተነሳ ሁልጊዜ እንነታረክ ነበር።

ማጀቴ በምትባል ከተማ ለሚከፈት አዲስ ትምህርት ቤት የተማሪ ዴስክ እንድንሠራ ስንዋዋል ነገሩ ሌላ ሆነ። ዴስኮቹ ትምህርት ሳይጀመር መድረስ ነበረባቸው፤ በእጅ እየላግን ደግሞ ግማሹንም እንደማናደርስ ሁላችንም እናውቃለን። ሊቀመንበራችን ሸበቶ፣ ዝምተኛ፣ እጃቸው እንደ ግራር ቅርፊት የሻከረ አዛውንት ነበሩ። ወራት ሙሉ በየቢሮው ተመላልሰው የመላጊያ ማሽን እንድንገዛ አስፈቀዱ። ማሽኑ ከአዲስ አበባ ተጭኖ መነሳቱ የተሰማ ቀን ግቢያችን ሠርግ ያለበት ቤት መሰለ።

የጭነት መኪናው ከቀትር በኋላ ደረሰ። ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ሳጥኑን በገመድና በአጋዳሚ እንጨት እያንሸራተቱ አወረዱት። ሊቀመንበሩ ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ ሲፈለቅቁ መጀመሪያ የሚያብረቀርቀው ጠረጴዛው ታየ፣ ቀጥሎ አረንጓዴው ገላው። እልልታው ተጀምሮ ነበር። በስተግራ ያለው ሳንቃ ሲነሳ ግን ተቋረጠ። ማንም ሰው ሲገባ ቀድሞ በሚያየው ጎኑ ላይ ስንዝር የሚያህል ጠባሳ ተጋድሟል። ቀለሙ ተገሽልጦ ብረቱ ወጥቷል፤ ላሜራውም ትንሽ ጎድጉዷል።

በማኅበሩ ውስጥ በጉልበቱ የሚታወቅ፣ ከአርጎባ ወገን የሆነ ባልንጀራችን ነበር። ለዚያ ማሽን ከሁላችን በላይ የጓጓው እሱ ነው፤ ትልልቁን ግንድ በመጋዝ የሚሰነጥቀውም፣ ጣውላውን የሚልገውም እሱ ነበርና። ጠባሳውን በመዳፉ ዳበሰውና ቀና አለ።

«ወላሂ ይሄ አዲስ አይደለም» አለ። «አሮጌ ቀብተው ነው የሰጡን።»

ከዚያ በኋላ ማን ያቆመዋል? ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው በየሻይ ቤቱ ተዳርሶ ነበር። የአናጢዎቹ ማኅበር ውራጅ ብረት ተሸክሞ ገባ ተባለ። ሊቀመንበሩ ከተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። ያስፈቀዱት እሳቸው፣ የመረጡት እሳቸው፣ በክፉ የሚነሳውም የእሳቸው ስም ነበር። እንደዚያ አንገታቸውን ደፍተው አይቻቸው አላውቅም።

በማግስቱ ማልጄ ገባሁና ጠባሳው ፊት ተንበረከክሁ። ስለ ሞተር የማውቀው ነገር አልነበረም። ስለ ቀለም ግን አውቃለሁ። አሮጌ ዕቃ ሲቀባ ከላይኛው ቀለም ሥር የድሮው ቀለም አለ፤ ቢፋቅም በየጥጉ ይቀራል። የጠባሳውን ጠርዝ በጥፍሬ አነሳሁት። ከአረንጓዴው ሥር ዝገት የሚከላከለው ቀይ አንቲራስት፣ ከአንቲራስቱ ሥር ንጹሕ ነጭ ብረት። ሌላ ምንም የለም። በየማዕዘኑ፣ በየቡሎኑ ሥር ሞከርኩት፤ ያው ነው። እንጨቱን የሚልጉትን ቢላዎች የሸፈነውን ክዳን ከፍቼ ሳይ የፋብሪካው ግሪስ እንዳለ ነው፤ አንዲት የእንጨት ብናኝ እንኳ አላረፈበትም።

ታዲያ ማን ላጠው? ወደ ተጣሉት ሳንቃዎች ሄድኩ። እያገላበጥኩ ስፈልግ አንዱ ሳንቃ ላይ ወደ ውስጥ አልፎ የወጣ ወፍራም ሚስማር አገኘሁ። ጫፉ ተቆልምሟል፤ በዙሪያውም አረንጓዴ ቀለም ከነአንቲራስቱ ተለጥፎበታል። ሲታሸግ በግዴለሽነት የተመታ ሚስማር ነው። መኪናው በተወዛወዘ ቁጥር ሲፍቀው ኖሯል ማለት ነው።

በዚያው ቀን የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሁሉም ማሽኑ ይመለስ ባይ ነበር። እጄን አወጣሁና ያየሁትን ተናገርኩ፤ ከዚያም ሁሉንም ማሽኑ ድረስ ወስጄ አሳየኋቸው። ባልንጀራችን ጎንበስ ብሎ ሚስማሩን ከጠባሳው ጋር ለካው፤ ልክክ አለ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ የነበረው ንዴት ግማሹ ሄዷል።

«እሺ፣ አዲስ ነው» አለ። «ቢሆንም ለምን የተቦጨቀ እንቀበላለን?»

ጥያቄው ትክክል ነበር። ሻጮቹን ሄደን እንድንጠይቅ ተወሰነና ሊቀመንበሩ እኔን አስከትለው እንዲሄዱ ተባለ። ሳንቃውን በነጠላዬ ጠቅልዬ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢለኝ እምቢ አልኩት። ሕፃን እንደታቀፈች ሴት እቅፌ ውስጥ አድርጌው አርማንያን አለፍን፣ ደብረ ሲናን አለፍን፣ ጣርማ በር ላይ ጉሙ በመስኮት ሲገባ የቆላ ልብሳችን አልበቃ ብሎን ተንቀጠቀጥን። ከጎናችን የተቀመጡ እናት የያዝኩት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል መስሏቸው ደጋግመው ሲሳለሙ ሊቀመንበሩ በሳቅ ፈረሱ። ማሽኑ ከመጣ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ነው።

አዲስ አበባ፣ መደብሩ ውስጥ ያገኘነው የሽያጭ ኃላፊ መነጽር ያደረገ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ሊቀመንበሩ በትሕትና ሲያስረዱት አድምጦ ሲያበቃ፣ እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ሳጥን ሲከፈት እንደሚደርስ ነገራቸው። እኔ ነጠላውን ፈትቼ ሳንቃውን ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩት። ሚስማሩ የተመታው ከውጭ ወደ ውስጥ መሆኑን፣ የተለጠፈበት ቀለም ደርቆ መጠቅጠቁን፣ በአንድ ጊዜ ጭረት እንዲህ እንደማይሆን አሳየሁት። መነጽሩን አውልቆ ሚስማሩን አየ፣ መልሶ አድርጎም አየው።

«ልክ ናችሁ» አለ በመጨረሻ። «የእኛ ጥፋት ነው። መልሱትና እንቀይርላችኋለን።»

ሊቀመንበሩ ሊያመሰግኑት ከወንበራቸው ብድግ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«ሌላው መቼ ይገባል?» አልኩት።

እሱም አልዋሸም። አሁን መጋዘን ውስጥ የለም፣ ከውጭ ሲመጣ ነው፣ መቼ እንደሚመጣ እኔም አላውቅም አለ። ማጀቴ ደግሞ ልጆቹ መሬት ላይ ይቀመጡ ነው? መንገዱን ሙሉ ስብሰለሰልበት የመጣሁት ነገር አንደበቴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር።

«እንግዲያው አንመልሰውም» አልኩ። «መልኩን እኔ አሳምረዋለሁ። እናንተ ደግሞ እኔ ላሳምረው የማልችለውን ስጡን።»

«ምኑን?»

«ቢላ። የእኛ አገር እንጨት ደረቅ ነው፤ ቶሎ ያደንዘዋል። ተለዋጭ ቢላ ስጡን።»

የመለዋወጫ ነገር በዚያን ጊዜ ምን ማለት እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል፤ ስንት ሠራተኛ በአንዲት ጥርስ እጦት ማሽኑን ሸራ አልብሶ ተቀምጧል። ኃላፊው ለብቻው የሚሸጥ ነው፣ እንዲሁ አይሰጥም አለኝ። እኔም ለመቀየር ተስማምቶ እንደነበር፣ ቢቀየር ግን ከቢላ የሚበልጥ ወጪ እንደሚያስከትልበት አስታወስኩት። ሳንቃውን ይዞ ወደ አለቃው ገባ። ቁጭ ብለን ስንጠብቅ ሊቀመንበሩ በሹክሹክታ፣ «ልጄ፣ አበዛሽው መሰለኝ» አሉኝ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ አልነገርኳቸውም እንጂ።

ሲመለስ ሳንቃው የለም። በሁለት እጁ በዘይት ወረቀት የተጠቀለለ ከባድ ነገር ይዟል። ለሁለት ጊዜ ቅያሪ የሚበቃ ተለዋጭ ቢላ! ሊቀመንበሩ ተቀብለው እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ከጭናቸው ላይ አላወረዱትም።

አሁን የእኔ ተራ ሆነ፤ አሳምረዋለሁ ብያለሁና። አረንጓዴው የተለመደው አረንጓዴ አልነበረም፤ ጥላ ውስጥ ወደ ሰማያዊ፣ ፀሐይ ላይ ወደ ወይራ ቅጠል ይሄዳል። የጭነት መኪኖች ከሚቀቡበት ጋራዥ የተራረፈ ቀለም ለምኜ፣ ቢጫ ጠብ፣ ጥቁር ጠብ እያደረግሁ በላሜራ ቁራጭ ላይ ሞከርኩ። እርጥብ እያለ አንድ የመሰለኝ ሲደርቅ ይጠቁራል። ሦስት አራቱን ጣልኩ። ሲገጥምልኝ፣ ጎድጓዳውን በስቱኮ ሞልቼ፣ በውሃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ አንቲራስት ቀባሁ። የእኛ ሙቀት ቀለሙን ከላይ ቶሎ አድርቆ ከሥር አረፋ ስለሚያስነሳበት ዋናውን ቀለም የቀባሁት ጎህ ሲቀድ፣ ነፋሱም አቧራውም ሳይነሳ ነው። ስስ አድርጌ ደራርቤ ቀባሁና ሲደርቅ በሰም ወለወልኩት።

ባልንጀራችን ሲገባ ማሽኑን ዞረ። ተመልሶም ዞረ። ጠባሳው የነበረው በዚህ ጎን ነው ወይስ በዚያ ብሎ ጠየቀኝ። ሊያስደስተኝ ብሎ እንዳልሆነ ያወቅሁት በመዳፉ ሲፈልገው አይቼ ነው።

«አጣሁት እህቴ» አለ። «እጅሽ ይባረክ።»

ከዚያም ሞተሩ ተነሳ። ሊቀመንበሩ አንድ ሻካራ የዋንዛ ጣውላ በዚህ በኩል አስገቡ፤ ባልንጀራችን በወዲያኛው በኩል ተቀበለው። ጩኸቱን ሰምቶ ከሆቴሉም ከመናኸሪያውም ሰው መጣ። ውራጅ ብረት ነው ብለው ያወሩትም መጥተው ነበር። ጣውላው ፊቱ እንደ ታጠበ ሆኖ ወጣ። ባልንጀራችን ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሳየና በቀጥታ ለእኔ አምጥቶ አስታቀፈኝ። ዳበስኩት። አንዲት የላብ ጠብታ የለበትም። የዚያን ቀን እልልታውን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ።

ዴስኮቹን ትምህርት ሳይጀመር አደረስን። ግራሩን ስንልግበት የመጀመሪያዎቹ ቢላዎች ደነዙና ተለዋጮቹን አስገብተን አንድም ቀን ሥራ ሳናቆም ጨረስን። ማጀቴ ያስገባን ዕለት ሁላችንም ከጭነቱ ላይ ተቀምጠን በየመንደሩ ስናልፍ ገበሬው ከማሽላው መካከል ቀና እያለ እጁን ያውለበልብልን ነበር። የትምህርት ቤቱ ወላጆች ዴስኮቹን እየተቀባበሉ አስገቡ፤ አንዳንዶቹም ተቀምጠው ሞከሯቸው። አንድ አባት በቫርኒሹ ላይ መልካቸውን አይተው ጢማቸውን ሲያስተካክሉ አየሁ።

ስንመለስ አጣዬ ላይ ምሳ በላን። ሊቀመንበሩ እጃቸውን ታጥበው ሲቀመጡ፣ ቀጥሎ የምናስፈቅደው የግንድ መሰንጠቂያ ማሽን እንደሆነ ነገሩን፤ ለግዢው አዲስ አበባ የምትሄደውም ይህቺ ናት ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። ማንም አልተከራከረም። ባልንጀራችን እንጀራውን ወደ እኔ ገፋ አደረገና፣ «ብዪ እንጂ፣ መንገደኛ ነሽ» አለኝ።