አጎቴ ሽባ የሆኑበት ቅዳሜ

አየርላንድ ለኦኩፔሽናል ቴራፒስትነት ሳመለክት ያልጠየቁኝ ነገር አልነበረም። ዲግሪውን፣ የእንግሊዝኛ ፈተናውን፣ የሥራ ልምዱን ልኬ ጨረስኩ ስል፣ ከታካሚ ጋር ስሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ ላኪ ተባልኩ። ታካሚው አስመሳይ ቢሆንም ችግር የለም አሉኝ።

እንጅባራ የምኖረው ከአጎቴ ጋር ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጥሊሊ እንጅባራ ሚኒባስ ሲነዱ ኖረው ቤት መዋል የሰለቻቸው ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ለአሥር ደቂቃ ስትሮክ የመታው ሰው ይሁኑልኝ» አልኳቸው።

«የትኛው ጎኔ ነው የሚታመመው?»

«ግራው።»

«ይሻላል። ቀኙን ለምሳ እፈልገዋለሁ።»

ሥራዬ የታመመ ሰው መልሶ በራሱ እንዲለብስ፣ እንዲበላ፣ እንዲታጠብ ማለማመድ ነው። የዚያን ቀን ትምህርት ሸሚዝ መልበስ ሆነ፤ የታመመው እጅ ቀድሞ ይገባል። ስልኬን ወንበር ላይ አስደግፌ ጀመርን። አጎቴ ግን ከጠየቅኳቸው በላይ ታመሙ። አፋቸው ተጣመመ፣ ንግግራቸው ተኮላተፈ፣ ቁልፉ አልገባ ሲላቸው የእውነት እንባ አወጡ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይዳኑ እንጂ! ምንም የማላውቅ አስመሰሉኝ እኮ።»

ሦስት ጊዜ ቀረጽን። በሁለተኛው ላይ ጎረቤታችን ወንፊት ልትዋስ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ኖራለች። እኛ አላየናትም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የጸሎት ቡድኗን አስከትላ ገባች። ዳቦ ይዘዋል፣ እርጎ ይዘዋል፣ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘዋል። ሬዲዮ ሲያዳምጡ የነበሩት አጎቴ ሰዎቹን ሲያዩ ግራ እጃቸው ዝልፍልፍ አለ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኩ በሹክሹክታ።

«ይሄን ሁሉ ሰው ደህና ነኝ ብዬ ላሳፍር?» አሉኝ በደህናው የአፋቸው ጎን።

ሰዎቹ መጸለይ ሲጀምሩ አላስቻለኝም። «አልታመሙም! ለቪዲዮ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ጎረቤታችን መጥታ አቀፈችኝ። «አይዞሽ፣ ደንግጠሽ ነው» አለችኝ፤ ለእኔም ተጸለየልኝ።

በዚህ መሀል ጎረቤታችን ደውላ የነገረቻቸው የአጎቴ ታላቅ እህት ከዳንግላ ደረሱ። «ወንድሜን!» እያሉ ሲገቡ ደፉ አደናቀፋቸው። አጎቴ ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ያዟቸው።

የሁሉም ዓይን ግራ እጃቸው ላይ ወደቀ። ከኋላ አንዱ «ጌታ ይመስገን!» ማለት ሲጀምር ስልኬን አውጥቼ ሁለተኛውን ቪዲዮ ከፈትኩ። ሸሚዙ፣ እንባው፣ ከአጎቴ ትከሻ ኋላ ደግሞ አፏን ይዛ የምትሮጠው ጎረቤታችን። ራሷን ስታይ ቀድማ የሳቀችው እሷ ነች። አክስቴ ግን አልሳቁም።

«ግራው ነው አይደል የማይሰማህ?» ብለው ግራ ትከሻቸው ላይ ጡጫ አቀመሷቸው። ተሰማቸው። ዳቦው ግን ተበላ።

ሦስተኛውን ቪዲዮ ላክሁ፤ ሥራውንም አገኘሁ። እዚያ የመጀመሪያዋ ታካሚዬ ስትሮክ የመታቸው አዛውንት ነበሩ። ወጥ ቤት ገብተው ሻይ ማፍላት መቻላቸውን ለማየት ቅጽ ይዤ ቆምኩ። ምድጃው እንደ ብርጭቆ የለሰለሰ፣ ማዞሪያ የሌለው ነገር ነው። «እስቲ አብሪልኝ» አሉኝ። ብነካው ጮኸ፣ ብጫነው ተቆለፈ። አዛውንቷ ተነስተው በአንድ እጃቸው ከፈቱት፣ ውሃውን ጣዱት፣ ለእኔም ቀዱልኝ።

ቅጹ ላይ «ያለ ረዳት መሥራት ይችላሉ» ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው ደግሞ ለአለቃዬ «ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ወጥ ቤት ግን ብቻዋን እንዳትተዪያት» ብለው ነገሯት።